መክፈቻው እኔ ጋ ነበር

ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ትልቅ የቼዝ ጨዋታ አድኛለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህን አምኜ ኖሬያለሁ፤ ለባለቤቴ፣ ለልጆቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር አውርቼዋለሁ። ነገሩ ከሥሩ የተገለበጠብኝ ዘንድሮ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ እንደማውቀው አድርጌ ልናገረው። ያየሁትን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፤ ስህተቱ የዓይኔ አልነበረም።

እቴቴ የምላት የአባቴ ታናሽ እህት ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ሥራዋ መጽሐፍ ጥረዛ ነው። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ጀርባቸው የላላ መጻሕፍት ይመጡላትና በክር ሰፍታ፣ ሙጫ ቀብታ፣ መጭመቂያ ውስጥ አሳድራ እንደ አዲስ ታወጣቸዋለች። ጣቶቿ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸታሉ። የደረቀውን ሙጫ ከጥፍሮቿ ዙሪያ እየላጥኩ ማንሳት የእኔ ድርሻ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ማንንም አላስጠጋም ነበር።

ከሥራ ስትመለስ የቼዝ ሰሌዳዋን ትዘረጋለች። ሲታጠፍ ሣጥን የሚሆን፣ ማጠፊያው ሲጢጥ የሚል የእንጨት ሰሌዳ ነው። እማዬ ሳህን እያጠበች፣ «ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ አሁንም በእንጨት ፈረስ ትጫወቻለሽ» ትላታለች። እቴቴም ቀና ሳትል፣ «አንቺስ በእውነተኛው ፈረስ ተቀምጠሽ የት ደረስሽ?» ትላለች። እማዬ ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ ይህን ክርክር ሁሌም እቴቴ ያሸነፈች ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የከተማው ውድድር ስምንት ተጫዋቾች ነበሩት፤ በየእሑዱ አንድ ጨዋታ፣ በጠቅላላው ሰባት እሑድ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት ለአገሪቱ ቡድን ይመረጣሉ። ስድስቱ እሑድ አልፎ እቴቴ ለመመረጥ የሚጎድላት ግማሽ ነጥብ ብቻ ነበር። እኔ የማውቀው ነጥብ ደብተር ላይ የሚደረገውን ነው፤ እሱ ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚተርፍ አልገባኝም። ትልቅ ነገር መሆኑን ግን ከአባዬ ፊት አውቄያለሁ። ቡድኑ ውስጥ እስከዚያን ጊዜ ሴት ገብታ አታውቅም።

ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ በመጨረሻዋ እሑድ ነበር የወደቀችው። ስለዚህ ለአባዬ እንዲህ አለችው፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮም ካላለፍኩ ሣጥኑን እዘጋዋለሁ። ተመልሼ አልከፍተውም።» ይህን ስትል ማንም አልሳቀም። እቴቴ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት። አንድ ቀን ተነስታ ስኳር ትቻለሁ ብላ እስከ ዛሬ ሻይዋን መራራውን ነው የምትጠጣው።

የመጨረሻው ተጋጣሚዋ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። የተጫወተውን ጨዋታ ሁሉ ከነቀኑ ስለሚያስታውስ ተጫዋቾቹ «ዶሴው» ይሉታል። ረጅም፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ሲያስነጥስ እንኳ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። እኔ በሐሳቤ ትልቅ የብረት ቁም ሣጥን አድርጌ ነበር የሳልኩት።

የመጨረሻዋ እሑድ ልትደርስ ሳምንት ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ። አባዬ ሰዓት ሠሪ ነው፤ የወደቀችበትን ብሎን በማግኔት እየፈለግኩለት ነው። የእቴቴ እግሮች መጥተው ከአባዬ እግሮች ፊት ለፊት ቆሙ።

«ጋሼ፣ መክፈቻውን አገኘሁት» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከየት?»

«ለጥረዛ የመጣ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ። የፊት ገጾቹ ተገንጥለው ጠፍተዋል፤ ማን እንደጻፈው እንኳ አይታወቅም። ባለቤቱን ለምኜ ለሁለት ሳምንት ተዋስኩት። ዶሴው እንዲህ ያለ ገጥሞት አያውቅም፤ ምዬ እነግርሃለሁ።»

«ቀድሞ ከሰማስ?»

«ከሰማማ አለቀልኝ። ለማንም እንዳትናገር። ለሚስትህም ቢሆን።»

ብሎኗን አግኝቼ ነበር፤ ግን ቡጢዬ ውስጥ አድርጌ ዝም አልኩ። ቤታችን ውስጥ ሦስት መክፈቻ አለ፦ የበሩ፣ የጠርሙሱና የቆርቆሮው። ይሄ አራተኛው መሆኑ ነው። እቴቴ ሣጥኑን ልትዘጋው ትችላለች፤ የተዘጋ ነገር ደግሞ መክፈቻ ይፈልጋል። ዶሴው መክፈቻውን ካገኘው ሣጥኑ ተዘግቶ ይቀራል። በስምንት ዓመት ጭንቅላት ከዚህ የበለጠ የተስተካከለ ነገር የለም።

አሁን ራሴ የቼዝ ዳኛ ነኝ። ለጀማሪዎች ሳስተምር በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ይህንን ነው፦ መክፈቻ ማለት የጨዋታው የመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ አምስት እርምጃዎች አካሄድ ነው፤ የሚጨበጥ ነገር አይደለም። ሲስቁብኝ ደስ ይለኛል። ያኔ ግን ማንም አላስረዳኝም፤ ጠረጴዛ ሥር የተደበቀ ሰው ደግሞ እጁን አውጥቶ አይጠይቅም።

በማግስቱ እቴቴ ሥራ ስትሄድ ክፍሏ ገባሁ። ጀርባው ቀይ የሆነ አሮጌ መጽሐፍ ትራሷ ሥር አለ። ስከፍተው የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ወጣ። መሐል ላይ፣ ትንንሽ ሰሌዳዎች በተሳሉበት ገጽ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የነሐስ ቁልፍ ተኝታለች። ጥርሷ አልቋል፤ ራሷ ላይ ቀዳዳ አላት። ሳልነካት መጽሐፉን ዘጋሁትና ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ እየሄድኩ መኖሯን አረጋገጥኩ።

የእሑዱ ዕለት እቴቴ በእግሬ ልሂድ ብላ ቀድማ ወጣች። አባዬ የውድድሩን ሰዓቶች የሚያስተካክለው እሱ ስለሆነ ትንሽ ቆይተን ልንከተላት ነው። ጫማዬን አድርጌ ለመጨረሻ ጊዜ ትራሷን ገለጥኩ። ቁልፏ እዚያው አለች።

ረስታታለች። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ መክፈቻውን ረስታ ሄዳለች። ለአባዬ እንዳልነግረው «ለማንም እንዳትናገር» ተብሏል፤ እኔም ደግሞ መስማት አልነበረብኝም። ቁልፏን በካልሲዬና በጫማዬ መካከል አስገባሁና እያነከስኩ ወጣሁ። አባዬ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ጫማው ጠቦኛል» አልኩት። «ባለፈው ወር የተገዛ ጫማ?» አለና በእግሬ ዕድገት ተገረመ።

ውድድሩ የሚካሄደው የመምህራን ክበብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ወለሉ ሰም ተቀብቶ ያንሸራትታል፤ አራት ጠረጴዛዎች፣ አራት ሰሌዳዎች፣ አራት ባለሁለት ፊት ሰዓቶች። አባዬ ሰዓቶቹን እየሞላ በየተራ ጆሮው ላይ ሲያስጠጋቸው እኔ እቴቴን ፍለጋ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ። የለችም። ከመታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። ግድግዳው ጥግ፣ ለስላሳ መጠጥ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ዶሴው ቆሟል። እጁ ላይ ያልተከፈተ ጠርሙስ ይዟል። ጠረጴዛውን ፈተሸ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መክፈቻ አይተሻል?»

እንዲህ በግልጽ ይጠይቀኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

«አላየሁም» አልኩ።

«እዚህ ነበር እኮ። ማን ወሰደው?»

«የእርስዎ አይደለም። የአክስቴ ነው።»

«የአክስትሽ?» ጠርሙሱን ዝቅ አደረገው። «አክስትሽ ማን ናት?»

«ዛሬ የሚገጥሟት ናት። መክፈቻውን ከአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያገኘችው፤ ጀርባው ቀይ ነው። እርስዎ ገጥሞዎት አያውቅም። ቢለምኑኝም አልሰጥዎትም።»

ከመታጠቢያ ክፍሉ የሚወርደው ውሃ ተቋረጠ። መተላለፊያው ድንገት ጸጥ ስላለ ትዝ ይለኛል።

ዶሴው ጠርሙሱን እንደያዘ አየኝ። አልሳቀም፤ አልተቆጣም። «ከአሮጌ መጽሐፍ» አለ ለራሱ። ከዚያ ጠርሙሱን ሳይከፍተው ጠረጴዛው ላይ መልሶ፣ አንገቱ ላይ ያለውን የሸሚዙን ቁልፍ ነካ ነካ አድርጎ ወደ አዳራሹ ገባ። ተስፋ ቆረጠ አልኩ። አሸነፍኩት። በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲያ ስንት ነገር ሠርቼ አላገኘሁትም።

የመታጠቢያው በር ተከፍቶ እቴቴ ወጣች። ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል። ዶሴው የገባበትን በር አየች፤ እኔን አየች፤ እግሬን አየች።

«ለምን ታነክሻለሽ?»

ጫማዬን አወለቅኩና ቁልፏን አወጣኋት። በእግሬ ሙቀት ሞቃለች። «እቴቴ፣ ረስተሻት ነበር። እሱ ፈልጎ ነበር፤ አልሰጠሁትም።»

እቴቴ ቁልፏን በእርጥብ ጣቶቿ ይዛ ቆመች። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ የምትስቅ መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቁልፏን መዳፌ ውስጥ አደረገችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

«ያዢልኝ» አለች። «እስክጨርስ እንዳትለቂያት።»

ነጩን የያዘው ዶሴው ነበር። ዳኛው ሰዓቶቹን አስጀመረ። ዶሴው እጁን ከንጉሡ ፊት ወዳለው ወታደር ዘረጋ፤ አየር ላይ አቆመው፤ ከዚያ ወደ ጎን አለፈና ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ገፋ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተንሾካሾኩ። አንዱ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በንጉሡ ወታደር ነው የሚጀምረው» አለ። ሌላው፣ «ዛሬ ምን ነካው?» አለ። እኔ ግን ምን እንደነካው አውቃለሁ፤ ፈርቷል።

እቴቴ ሃያ ደቂቃ አንድም ነገር አልነካችም። ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እጆቿን ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ታያለች። ሰዓቷ ይቆጥራል። አባዬ ላብ በላብ ሆኗል። በመጨረሻ ቀና ብላ መስኮቱ ሥር የተቀመጥኩትን እኔን ፈለገችና በአንድ በኩል ብቻ ፈገግ አለች። ቡጢዬን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። መክፈቻው እኔ ጋ ነው፤ አትፍሪ ማለቴ ነው። ከዚያ መጫወት ጀመረች።

አራት ሰዓት ቆየ። መዳፌ ነሐስ ነሐስ ሸተተ። ዶሴው ለአንደኝነት ማሸነፍ ነበረበትና አልተኛላትም። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ አልቀው ሰው ሁሉ የእቴቴን ከበበው። ከሰው እግር መሐል ገብቼ ሳይ፣ የዶሴው አንድ ወታደር ወደ ሰሌዳው ጫፍ ሊደርስ አንድ እርምጃ ቀርቶታል። ጫፍ የደረሰ ወታደር ንግሥት እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ። አባዬ ሰሌዳውን ማየት ትቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የክበቡን ደንብ ያነባል።

በዚህ ጊዜ የእቴቴ ንግሥት ከሰሌዳው ጥግ ተነስታ መጣች። «ቼክ» አለች። የዶሴው ንጉሥ አንድ እርምጃ ሸሸ። ንግሥቲቱ በሌላ በኩል ዞረች። «ቼክ።» ንጉሡ ወደነበረበት ተመለሰ። እንደገና በዚያኛው በኩል፣ «ቼክ።» እንደገና በዚህኛው። እማዬ በሩን ዘግታ ከግራና ከቀኝ ስትቆጣኝ የማደርገውን ነው ንጉሡ የሚያደርገው፤ ወዲያ ይላል፣ ወዲህ ይላል፣ መውጫ የለውም። ዶሴው ለመጀመሪያ ጊዜ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

ከዚያ እቴቴ ምንም ሳትነካ እስክሪብቶዋን አንስታ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ ሰዓቱን አቆመች፤ እጇን አወጣች። እጅ የሰጠች መሰለኝ። ዳኛው መጣ፤ የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አነበበ፤ ጣቱን እያስኬደ ቆጠረ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው፤ ተመሳሳይ አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጣ ሲል እርምጃውን ጽፎ፣ ሳይጫወቱ ዳኛ መጥራት። እኔ ዛሬ በዓመት አሥር ጊዜ ለዚህ እጠራለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ያ ወታደር ትዝ ይለኛል።

«ሦስት ጊዜ ተደግሟል» አለ ዳኛው። «አቻ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አባዬ ብድግ አድርጎ አቀፈኝ። «አቻ ተለያዩ» አለ ጆሮዬ ሥር። «አየሽ? አቻ ተለያዩ።»

«ለምን ተለያዩ? ተጣሉ እንዴ?»

«አልተጣሉም።»

«ታዲያ ለምን ይለያያሉ?»

አባዬ እየሳቀ ነው፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነው። ዶሴውና እቴቴ ቆመው እየተጨባበጡ ነበር። የሚለያዩ ሰዎች እንዲህ ረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ መያያዛቸው ግራ ገባኝ። እሱ የሆነ ነገር ነገራት፤ እሷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ሄዳ ውሃውን ከፈተችው፤ በውሃው ድምፅ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። ከዶሴው ጋር መለያየቷ ከፍቷት ነው ብዬ አዘንኩላት። እንዲህ ዓይነት ሰው እንደምትወድ አላውቅም ነበር።

ቤት ስንደርስ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። አባዬ «ግማሽ ነጥብ» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እማዬ እቴቴን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ካየቻት በኋላ፣ «እንግዲህ በእንጨት ፈረስም ይደረሳል» ብላ ሻይ ልታፈላ ገባች። ስኳር የሌለውን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእሷ ሰጠቻት። ያን ቀን ሣጥኑ አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ እቴቴ አሥራ ሁለት ዓመት ለቡድኑ ተጫወተች።

እኔም ጨዋታውን ያዳንኩ ሰው ሆኜ አደግኩ። መክፈቻ ምን እንደሆነ ከተማርኩ በኋላ እንኳ የቁልፏን ነገር እንደ ቀልድ እያወራሁ፣ በልቤ ግን የሆነ ነገር እንደጠበቅኩ አምን ነበር። ሙያዬንም ያገኘሁት ከዚያ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ የከበበውን ጠረጴዛ በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኘውን ዳኛ አልረሳሁትም።

ዘንድሮ በውድድሩ መዝጊያ ላይ የቀድሞ ተጫዋቾች ተጋብዘው ነበር። ዶሴው በከዘራ መጣ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ብብቱ ሥር ወፍራም ፋይል ይዟል። የጨዋታ ወረቀቶቹን ለክበቡ ሊሰጥ ነው። እኔ ነበርኩ የምረከበው። አንዱ ላይ የእቴቴን ስም ሳይ እጄ ቆመ። ከመጀመሪያው እርምጃ አጠገብ፣ በጠባብ ጽሑፍ፣ «በልጅቷ ምክንያት» የሚል ተጽፎበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

መነጽሩን አስተካክሎ አየ። ከዚያ እኔን አየ፤ ዓይኑ ወደ ጫማዬ ወረደ። «የምታነክሰው ልጅ አንቺ ነሽ?»

ነገረኝ። ጠርሙስ መክፈቻ ፈልጎ የሰማውን ነገረኝ። «ላልሰማ አልችልም ነበር፤ ሰምቼ ጨርሻለሁ። በንጉሡ ወታደር ብጀምር ከመጽሐፍ ያገኘችው ነገር እንደሚጠብቀኝ ገባኝ። ስለዚህ ቀየርኩት። በሚቀጥለው ዓመት ያንን መክፈቻ ሌላ ሰው ላይ ተጫወተችው፤ በአሥራ ዘጠኝ እርምጃ አለቀ። እኔም አልቅ ነበር።» ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ሰጥቶኝ፣ «እኔ ከዚያ የተሻለ አቻ ተጫውቼ አላውቅም» አለ። «ስንጨባበጥ ያልኳትም ይህንኑ ነው» ብሎ ጨመረ።

ያዳንኩት ጨዋታ ያበላሸሁት ሆኖ አረፈው። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ዋንጫ ሲሰጥ ማጨብጨቤን እንኳ አላስታውስም። ከአዳራሹ በቀጥታ እቴቴ ቤት ሄድኩ።

ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ጡረታ ወጥታለች፤ ግን የሰፈሩ ሰው የሚጠረዝ መጽሐፍ ማምጣቱን አልተወም። ሙጫ በተቀቡ ጣቶቿ በሩን ከፈተችልኝ። ሳልቀመጥ ጠየቅኳት።

«እቴቴ፣ ያን ቀን መታጠቢያ ክፍል ሆነሽ ሰምተሽ ነበር?»

«ውሃውን ለምን የዘጋሁት ይመስልሻል?»

«ወደ አዳራሹ ከመግባትሽ በፊት ዶሴው እንዳወቀ ታውቂ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም? ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

መርፌዋን ከነክሯ አስቀመጠች። «ምን ልበልሽ? ተዘጋጅቼበት በማላውቀው ጨዋታ ልቀመጥ ነው፤ በዚያ ላይ የምታለቅስ ልጅ ላባብል? በኋላ ደግሞ ደስ ብሎሽ ስታወሪው ደስ አለኝ።»

«ታሸንፊው ነበር።»

«አሸንፈው ነበር» አለች፤ ያለ ምንም ማቅማማት። «መጽሐፉ ነበር የሚያሸንፈው። ያን የጻፈውን ሰው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ስትነግሪው ሰምቼ መጀመሪያ አለቀልኝ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሰሌዳው ላይ ያፈጠጥኩት እርምጃ ፍለጋ መስሎሻል? ልነሳ ወይስ ልቀመጥ እያልኩ ነው። ከዚያ አንቺ ቡጢሽን አወጣሽ። ያ ግማሽ ነጥብ የራሴ ነው፤ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በዚያ ነው ከዚያ ወዲያ ማንንም ያልፈራሁት።»

አለቀስኩ፤ በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ የዳኛ ባጅ ደረቴ ላይ እንዳለ። እቴቴ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ያቺ ቁልፍ የምን ነበረች?» አልኳት ቆይቼ።

«የጠፋ ሻንጣ። ገጽ እንዳይጠፋብኝ ነው ያስገባኋት፤ ምንም አትከፍትም።» ከዚያ ቀና አለች። «የት ደረሰች?»

ከቦርሳዬ የቤቴን ቁልፎች አውጥቼ አሳየኋት። በቀዳዳዋ በኩል ከሌሎቹ ጋር ተንጠልጥላለች፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ ከቤት ወጥታ አብራኝ ገብታለች። እቴቴ በሙጫ ጣቷ ነካቻትና ሰሌዳውን ከመደርደሪያው አወረደች። ማጠፊያው ያው የድሮው ነው፤ ሲጢጥ ሲል ሰማሁት።

«እሺ» አልኩ እጄን እየዘረጋሁ፤ «ውሰጃት እንግዲህ። አደራሽን አድርሻለሁ።»

«ያዢያት» አለች፤ ነጩን ወደ እኔ አዙራ ወታደሮቹን እየደረደረች። «ገና አልጨረስኩም።»